የመስኮት ሊቅ ስለ በር አይመሰክርም

«በር» መባል የነበረበት «መስኮት» ተብሎ መጻፉን ያየሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጠበቃዬ ክሊፎርድ ፕላት የባለሙያ ምስክራችንን ስምና ሙያ ለፍርድ ቤት ሲያሳውቅ፣ ከሌላ ሰው የመስኮት ክስ ላይ ገልብጦ ኖሮ፣ «ኦርቪል ስታብ ስለ መስኮት ሙያዊ አስተያየት ይሰጣል» ብሎ አስገብቶታል።

«ታዲያ ይታረማ!» አልኩት።

«ወይዘሮ ሎርና፣ የግዛታችን ደንብ እኮ ነው» አለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማሳወቂያው ቀን አልፏል። ባለሙያ ካሳወቅንበት ጉዳይ ውጭ አይተነፍስም።»

ይህን ደንብ ያወጡልንን የግዛታችንን አዋቂዎች እግዜር ያክብራቸው። ደንቡ ባይኖር አናጢ ተነሥቶ ስለ በር ይናገር ነበር። ዛሬ አናጢ ስለ በር ከተናገረ፣ ነገ እናት ስለ ልጇ ትናገራለች፤ ከነገ ወዲያ አገር ይፈርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከራዬ አዲስ የፊት በር አስገጠመልኝ። አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ አይቆለፍም። ቁልፉ ይዞራል፣ የቁልፉ ምላስ ግን መቃኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ አያገኘውም። ጥር ላይ አንድ ምሽት፣ ማንነቱን የማላውቀው ሰው እጀታውን ከውጭ ሞከረው። ማንነቱን ባላውቅም የሚያደርገንን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ልጄ ሜቪስ ማታ ማታ ቁም ሣጥኑን ገፍተን በሩ ላይ እናስደግፋለን። ሌባው ሲገፋ እንዲንኳኳም ከላዩ ባዶ የባቄላ ቆርቆሮ እንደረድራለን። መስኮቶቹንማ ከውስጥ በሚስማር መትቻቸዋለሁ። አከራዬን ብለምነው፣ ብለምነው፣ «ይቆለፋል» አለኝ። ከሰስኩት። የጠየቅሁት የሚቆለፍ በር ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የመሰከርኩት እኔ ነኝ።

«በሩ አይቆለፍም» አልኩ።

የአከራዬ ጠበቃ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ። «ተቃውሞ አለኝ! ይህ አስተያየት ነው። ምስክሯ ባለሙያ አይደሉም።»

ዳኛ ሃሪየት ቦን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትክክል ነው። ወይዘሮ ሎርና፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩን።»

«ሳይቆለፍ አየሁት።»

«እሱም አስተያየት ነው!»

ቀጥሎ ጎረቤቴ አናጢው ኦርቪል ቀረበ። አንድ እግሩን እያነከሰ፣ የሠርግ ክራቫቱን አስሮ።

«ስለ መስኮቶቹ ይንገሩን» አሉት ዳኛዋ።

«ደህና መስኮቶች ናቸው። በአንደኛው አሻግሬ ሳይ በሩ...»

«ተቃውሞ!»

«ምን ነካህ ሰውዬ፣ በመስኮት እኮ ነው ያየሁት!»

«ዓይንዎ መስታወቱ ላይ ይቁም» አሉ ዳኛዋ።

የአከራዬ ባለሙያ ዶክተር ዊንስሎ ክራንዳል ነበሩ። ማዕረጋቸው ተነብቦ እስኪያልቅ ኦርቪል አንድ እንቅልፍ ወሰደ። በሬን አይተውት አያውቁም፤ ስለዚህም ሐሳባቸውን ያቆሸሸው ነገር አልነበረም።

«በር ማለት የሚቆለፍ ነገር ነው» አሉ። «ይህ ደግሞ በር ነው። ስለዚህ ይቆለፋል። ብልሽቱ ያለው በሩ ላይ ሳይሆን የተጠቃሚዋ ሥጋት ላይ ነው።»

እንዴት አማረባቸው! እኔም ላምናቸው ምንም አልቀረኝ።

ዳኛዋ ግን ጠንቃቃ ናቸውና፣ ሁሉም በዓይን ይታይ ብለው ችሎቱን ወደ ቤቴ አዛወሩት። በረንዳዬ ላይ ተሰልፈን ቆምን። ዶክተሩ ብቻቸውን ወደ ውስጥ ገቡና «ተመልከቱ!» ብለው በሩን ባለ በሌለ ኃይላቸው ወርውረው ዘጉት። ቤቱ ተናወጠ። ቋ አለ። የቁልፉ ምላስ ከተገጠመ ጀምሮ ያላገኘውን ቀዳዳ አገኘ።

«ይኸው!» አሉ ከውስጥ።

ከዚያ እጀታው ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«ክብርት ዳኛ... ቁልፉ አልዞር አለ፤ አይከፈትም።»

ጠበቃዬ በዚህ ክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቃ። «ተቃውሞ አለኝ! ዶክተሩ የቀረቡት ስለ መቆለፍ ሊመሰክሩ ነው። ስለ መክፈት አልተባለም!»

«ትክክል ነው» አሉ ዳኛዋ እያዘኑ።

«ቁልፍ ሠሪ እንጥራላቸው» አለች ሜቪስ።

«ስሙ በጊዜው ያልተገለጸ ባለሙያ!» ብሎ ጮኸ የአከራዬ ጠበቃ።

ኦርቪል ክራቫቱን ፈታ። «እንግዲያው በመስኮት ይውጡ። መስኮት የኔ ነው።» አነከሰ፣ ሄደ፣ መስኮቱን ገፋ ገፋ አደረገው፣ ዞሮ ሙያዊ አስተያየቱን ሰጠ፦ «በሚስማር ተመትቷል።»

ማንም አልተቃወመውም።

«ልንቀለው?» አለ።

«ቤቱ ማስረጃ ነው» አሉ ዳኛዋ። «እስከ ነገ ጠዋት ማንም እንዳይነካው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው በቁልፉ ቀዳዳ ተናገሩ። «ዶክተር፣ ለመዝገቡ ያህል ይንገሩኝ፤ በሩ ይቆለፋል ወይስ አይቆለፍም?»

እጀታው አንድ ጊዜ ደግሞ ተንቀጫቀጨ።

«እንደ ሙያዬ... ይቆለፋል።»

«ክሱ ውድቅ ሆኗል።»

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይባላል። የኔ ቤት የሄደው በፍርድ ነውና የማዝንበት ምክንያት አልነበረኝም። ሁሉም እየተጨባበጡ ሄዱ። ሲመሽ እኔና ሜቪስ ካፖርታችንን ለብሰን በረንዳው ላይ ቀረን።

«እማ፣ የት ልናድር ነው?»

«መኪናው ውስጥ።»

«መኪናው ይቆለፋል?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ። ባለሙያ አይደለሁም።»

ይኼኔ ከቤቱ ውስጥ ከባድ ዕቃ ሲጎተት ሰማን።

«ዶክተር!» አልኩ ደንግጬ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደለም። ቁም ሣጥኑን ወደ በሩ እያስጠጋሁት ነው።»

«ተቆልፏል አላሉም እንዴ?»

«እሱማ ለፍርድ ቤቱ ነው» አሉ እያለከለኩ። ትንሽ ቆይተውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ወይዘሮ ሎርና፣ እነዚያ ቆርቆሮዎች የት ነው ያሉት?»

«ምድጃው ሥር» አልኳቸው።

አንድ በአንድ ሲደረድሯቸው በረንዳው ላይ ቆመን ሰማን። የመጨረሻዋ ከተቀመጠች በኋላ በሬ በደንብ ተቆለፈ።