የዘይነባ ዕድሜ በወረቀት

አረብ አገር እህት ያለችው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጭ ብሎ እንኳ አንድ እግሩ መንገድ ላይ ነው። የጅዳዋ እህቴ ዘይነባ ፓስፖርቷን ለማሳደስ የልደት ማስረጃ ላክልኝ ካለችኝ ጀምሮ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ስመላለስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከሾፌሮቹ በላይ አውቄዋለሁ። ችግሩ፣ ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷ ላይ ስምንት ዓመት ጨምሮባታል፤ ማስረጃው ከዚያ ጋር ካልገጠመ አይታደስላትም።

የቀበሌው ጸሐፊ እናቴን ለምስክርነት አስጠራት። «እማማ፣ ልጅዎ ሠላሳ ይሆናታል?»

እናቴ በሐሰት አትምልም። እኔ ወንበሩ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

«ወላሂ፣ እኔ ከወለድኳት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው» አለች። ከዚያ ዘይነባ በቅርቡ የላከችውን ፎቶ ከጉያዋ አወጣች። «አረብ አገር የጨመረባትን ግን አንተው እየው።»

ጸሐፊው ፎቶውን አይቶ አርባ ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ እጁን ይዤ «ሠላሳ ይበቃል» አልኩት።