ማራገቢያ ስር የሚመከር ቁጠባ

አገር ዕዳ ሲይዛት ቀድሞ የሚበዛው ምን ይመስላችኋል? መካሪ ነው። በተለይ ደግሞ የራሱ ቀበቶ በቦርጩ ተሸፍኖ «ቀበቶ እናጥብቅ» የሚለው።

አንዱ የኢኮኖሚ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ሰመራ መጣላችሁ። በቀትር መብራት ጠፍቶ፣ የሰዒድ ሻይ ቤት ማራገቢያ በጄኔሬተር ይሽከረከራል። እሱም ሥሩ ተደላድሎ፣ «የነዳጅ ድጎማ መነሳቱ ደግ ነው፤ ሕዝቡ ይቻለው! ያለ ቅድመ ሁኔታ እርዳታ ያገኘ ሰው ይሰንፋል» አለን።

በነዳጅ ውድነት ቤቱን ሊዘጋ የደረሰው ሰዒድ ተነስቶ ጄኔሬተሩን አጠፋው።

«በሉ እንቻለው፣ ጋሼ!»

ሻዩ ሳይበርድ ሰውዬው ቀለጠ። ከረባቱን ፈታ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ልሞት ነው!»

ጥግ የተቀመጡት አፋሩ የግመል ነጋዴ ሐጂ ኡመር ግንባራቸው እንኳ አላላበውም። የነዳጁን ብር ለሰዒድ ዘረጉለት።

«አስነሳለት።»

ባለሙያው አፍሮ ቦርሳውን ሲያወጣ ሐጂ ተቆጡ።

«አስቀምጥ! እዚህ በረሃ የተጠማ ሰው መጀመሪያ ይጠጣል። ስንፍናው የሚወራው ከጠጣ በኋላ ነው።»

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን አገርህ የት ነው ብትሉኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ሰመራ እላችሁ ነበር።