የጋሽ ዘመነ አፍንጫና የሩቁ ባሕር አየር

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ የለም። ዳባት ዝናብን የሚያውቅ አላት፤ ሳንቃ በር የበቅሎን ሐሳብ የሚያነብ አለ። ለደባርቅ የደረሷት ክቡር ጋሽ ዘመነ ነበሩ፤ ጭስ አዋቂው። ሠላሳ ዓመት የተራራውን ፓርክ በሚጠብቅ ስካውትነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ ጠመንጃውን አስረከቡ፤ አፍንጫቸውን ግን ማን ይቀበላቸው?

የኬሚስትሪ መምህርቷ ሠርካለም ዛሬ ጎንደር ተዛውራ ትኖራለች። ጭስ በሸተታት ቁጥር የደባርቁ ጎረቤቷ ትዝ ይሏታል። እዚያ ሰፈር በገባች ማግስት የዕቃ ካርቶን ስታቃጥል ጋሽ ዘመነ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። እንኳን ደህና መጣሽ እንኳ ሳይሉ ካርቶኑ እርጥብ መሆኑን፣ ከሥሩም ፌስታል እንዳለበት አረዷት። እውነትም ነበረበት።

ደግሞ አሽትተው አይተዉም። ከዘራቸውን አንሥተው እሳቱ እስካለበት መሄድ አለባቸው። አንድ ጊዜ ያልተጠሩበት ሠርግ ዳስ ዘልቀው፣ ከወጥ ድስቶቹ ሥር የሚነደውን እንጨት ጎንበስ ብለው መርምረው፣ «የባሕር ዛፍ ነው፤ ደግ» ብለው ሳይቀምሱ ወጥተዋል። የሙሽራው አባት ነገሩን እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ሠርካለምን የሚያናድዳት ግን ሌላ ነበር። ከዓመታት በፊት በፓርኩ ውስጥ ጓሳው ሣርና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የተቃጠለበት መጋቢት በተነሣ ቁጥር «የኛ ጭስ እኮ ባሕር ተሻግሯል» ይላሉ። እሷ ደግሞ ጭስ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ እንደሚቀር ታስረዳቸዋለች። ያን ጊዜ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ መጽሐፏ ደህና መሆኑን፣ ግን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንደማያውቅ ነግረዋት ይሄዳሉ። ስድስት ዓመት እንዲህ ተከራከሩ። አሁን ስታስበው ደጉ ዘመን እሱ ነበር።

በስድስተኛው ክረምት ሠርካለም ጎንደር ለሥልጠና ሄደች። እዚያ የተማረችው አሳፈራት። ዛፍም ማድቤትም በሌለበት ውቅያኖስ ላይ፣ ከሩቅ አገር ሰደድ እሳት የወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ተገኝቷል። ከጭሱ ጋር የሄደው ጋዝም መንገድ ላይ ፀሐይ እየመታው ኦዞን ይፈጥራል። ደባርቅ ከአውቶቡስ እንደወረደች ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጋሽ ዘመነ ደጅ ደረሰች።

«ጋሽ ዘመነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ልክ ነበሩ» አለችና የተማረችውን ዘረዘረችላቸው።

ዓመት ሙሉ የሚፎክሩባት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እዚያ ባሕር ላይ ሰው እንዳለ ጠየቋት። መርከብ ከማለፉ በቀር የለም አለቻቸው። ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት።

ጓሳው በተቃጠለበት በዚያ መጋቢት ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ጥበቃ ላይ ነበሩ። ጠዋት ጭስ ሸተተ። ወጣቶቹ ስካውቶች ሊወጡ ሲነሡ ጋሽ ዘመነ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ፈረዱ፤ የአዲ አርቃይ ገበሬ ለእርሻ ማሳውን ሲያቃጥል በየዓመቱ ገደሉን ይዞ የሚወጣው ጭስ ነው፣ ተቀመጡ አሉ። ስካውቶቹም አምነው ተቀመጡ። ነበልባሉን ያዩት ከቀትር በኋላ ነው፤ ያኔ እሳቱ አስታው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን ሄጄ ሳላይ አላምነውም» አሉ ጋሽ ዘመነ። «አሁን ንገሪኝ፤ ያቺ የኔ የግማሽ ቀን ጭስ እዚያ ባሕር ላይ አለች?»

ሠርካለም ዋሽታ ልታጽናናቸው አልፈለገችም፤ ደግነቱ እውነቱም አልከፋም።

«ያኔ ደርሳ ይሆናል። ግን አየሩ በጥቂት ወራት ራሱን ያጠራል። ዛሬ የለችም።»

«ሄደሽ አይተሻል?»

«እኔ አልሄድኩም። የሄዱ አሉ፤ በአውሮፕላን ባሕሩ ላይ ድረስ ሄደው አየሩን ለክተውታል።»

«ሄደው ነው?»

«አዎ፣ ሄደው ነው።»

ጋሽ ዘመነ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ከታች ካለው ግቢ ጭስ መጣ። ከዘራውን አላነሡም፤ አፍንጫቸውንም ቀና አላደረጉም። ሠርካለም ሻንጣዋን እዚያው አስቀምጣ፣ ምን እንደሚነድ ልታይላቸው ወረደች።