የዊልፍ ኩርፊያና የባሌ ጀርባ

አኩራፊ የሌለበት መንደር መንደር አይባልም። ለእኛ ለእንግሊዝ አገር የዮርክሸር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ደግሞ እግዜር ከሁሉ የላቀውን ሰጥቶናል፦ ሊቀ አኩራፊያን ክቡር ዊልፍ ሆልሮይድን፣ የባሌን የኖርማንን ታላቅ ወንድም።

ዊልፍ የሚያኮርፈው በወግ በማዕረግ ነው። ዳቦ ሻጩ ለበረራ ውድድር ያሳደጋትን እርግቡን "ወፍራለች" ስላለበት ዘጋው። ዳቦ መግዛቱን ግን አላቆመም፤ በጣቱ እየጠቆመ ይገዛል። "ምነው ተጣላችሁ?" ሲሉት፣ "እኔ ከማንም አልተጣላሁም፤ ዝም ነው ያልኩት" ይላል።

ከዚያ መንግሥት ጉድጓዶቹን እዘጋለሁ ሲል የሥራ ማቆም አድማው መጣ። ዓመት ሊሞላው ሲል ቤታችን ማሞቂያ አጥቶ የልጃችን ሳንባ ታመመ፤ ኖርማንም አድማውን ጥሶ ሊሠራ ጉድጓድ ወረደ። አድማ የጣሰ እንደ ከሃዲ ይቆጠራልና መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። የገዛ አክስቴ ሳትቀር ስታየኝ መንገድ ትሻገር ጀመር። ዊልፍማ ዕድሜ ልኩን የተለማመደው ለዚህ ነው። አጥራችን ጋ ይቆምና ለገዛ ውሻው፣

"ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ እሁድ እናታችን ጋ ምሳ አለ። እሱ ከመጣ እኔ የለሁም በለው" ይላል።

ኖርማንም ለዚያው ውሻ፣ "እሱ ከሌለ ሥጋው ይተርፈናል በለው" ይመልሳል።

አድማው አብቅቶ ሁሉም ሥራ ገባ። ከጉድጓድ የወጣ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የጋራ መታጠቢያ ጀርባውን የሚያሽለት የሥራ ጓደኛው ነው፤ የኖርማንን ጀርባ ግን የሚነካ ጠፋ። ከፊት ንጹሕ፣ ከኋላ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። እኔ ላጥብህ ስለው እምቢ አለ።

"አንቺ ብታጥቢኝ ምን ዋጋ አለው? እዚህ ከሰው አልቆጠርም። እንሂድ" አለኝ። ተወልጄ ያደግኩበትን ቤት እያየሁ ዕቃ መሸከፍ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጀርባው ቲማቲም መስሎ መጣ።

"ማነው እንዲህ የገሸለጠህ?"

"ዊልፍ። ሰው ሁሉ እያየ መጣ፣ አዞረኝ፣ ፈተገኝ፣ ሄደ።"

"ምን አለህ?"

"ምን ይለኛል? ዊልፍ እኮ ነው።"

በማግስቱ ሌላ ሰው አሸው፤ ከዚያም ሌላ። የሸከፍኩትን ፈታሁ።

ላመሰግነው ቤቱ ሄድኩ። ዊልፍ እርግቦቹን እየመገበ ቀና አላለም።

"ለባልሽ ብዬ አይደለም" አለ። "የእናቴ ልጅ ጀርባው ጠቁሮ ሲሄድ ማየት አስጠልቶኝ ነው።"

"ታረቃችኋላ?"

"ማን አለ? አላናግረውም። ነገ ግን ሳሙና ይዞ ይምጣ፤ የኔን ጨረሰው።"

እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ባሌን ከነክብሩ፣ እኔን ከነቤቴ ያቆየኝ ግን ይሄ አኩራፊ ነው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።