የማይሳሳተው ማሽን እና ሙሽራው

[ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ፤ የመካንነት ሕክምና ቤተ ሙከራ። ሽሪካንት ነገ ያገባል። ጠዋት ዘመዶቹ በወጉ እርድ ቀብተውት ፊቱም እጁም ቢጫ እንደሆነ ሥራ ገብቷል። ባልደረባው ፓንዱ ጓንት ይዞ ይከተለዋል።]

ፓንዱ፦ እርድ የተቀባ ሙሽራ ከቤት አይወጣም አልኩህ፤ አይወጣም!

ሽሪካንት፦ ከወጣስ? ይቀልጣል?

ፓንዱ፦ እኔ እንጃ። እናቴ አይወጣም ነው የምትለው። እሺ፣ ጓንቱን እንኳ አድርግ።

ሽሪካንት፦ ጓንት ለጀማሪ ነው። ይሄን የዘር ናሙና ያለበት የመስታወት ስላይድ አሁን በባዶ እጄ ሸፍኜ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት፤ ምን ሆነ?

ፓንዱ፦ የማን ዘር ነው ግን?

ሽሪካንት፦ የእኔ! ማሽኑ ለማወዳደሪያ የጤነኛ ወንድ ዘር ይፈልጋል። ፑኔ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ካለ አምጣ።

ፓንዱ፦ እኔም እኮ ደህና ነኝ።

ሽሪካንት፦ ያንተ ዘር እንዳንተ ቀርፋፋ ከሆነ ገና መንገድ ላይ ነው።

ፓንዱ፦ ድሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን በዓይናችን ስንቆጥር ደስ ይል ነበር። አንተ ትዘፍናለህ፣ እኔ እቆጥራለሁ…

ሽሪካንት፦ ለዚህ ነዋ ማሽን የመጣው! አይዘፍን፣ አያንቀላፋ፣ አይሳሳት። እያንዳንዷን ዘር ፎቶ ያነሳል፤ ቀለም የቀባነው ክሮሞዞም እንደ ነጥብ ያበራል። ከየቀለሙ አንድ ነጥብ ከሆነ ጤና ነው። ከበዛ ትርፍ ክሮሞዞም ነው፤ ወይ ፅንሱ አይረጋም፣ ወይ ልጁ ታሞ ይወለዳል። ገባህ?

ፓንዱ፦ አንድ ጥሩ፣ ብዙ መጥፎ። እንደ ሚስት።

[ማሽኑ ጮኸ። ሽሪካንት ስክሪኑን አየ። ከፊቱ ላይ የቀረው ቀለም እርዱ ብቻ ነው።]

ፓንዱ፦ ምን አለ?

ሽሪካንት፦ ሁሉም ማለት ይቻላል… ትርፍ አለው። አረንጓዴ ነጥብ በነጥብ፣ የዲዋሊ በዓል መብራት መስሏል!

ፓንዱ፦ ተሳስቶ ይሆናላ።

ሽሪካንት፦ አይሳሳትም አልኩህ እኮ! [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል] ሙሽራዬ ማንጂሪ መንገድ ላይ ያየችውን ሕፃን ሁሉ ካልታቀፈች አታልፍም። እንዴት አድርጌ አታልላታለሁ?

ፓንዱ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ…

ሽሪካንት፦ አታቋርጠኝ! ስልኬን ያዝ፤ እኔ መጻፍ አልችልም። ለአባቷ ጻፍ፦ «ክቡር አባቴ፣ ሠርጉ ቀርቷል። ልጅዎ ከእኔ የተሻለ ሰው ይገባታል።» ጽፈህ ላክ!

ፓንዱ፦ [በአንድ ጣቱ እየነካካ] ክ… ጥያቄዋ ግን…

ሽሪካንት፦ ፍጠን አንተ ኤሊ! ምንድን ነው ጥያቄህ?

ፓንዱ፦ ዘር የሌለበት ባዶው መስታወት ላይ ለምን ነጥብ አለ?

ሽሪካንት፦ የት?

ፓንዱ፦ ጥጉ ላይ። የጣት አሻራ ይመስላል። አረንጓዴ አሻራ።

[ሽሪካንት ተጠግቶ አየ። ቀስ ብሎ ጣቱን በማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን ሥር አደረገ። ጣቱ አረንጓዴ ሆኖ አበራ።]

ሽሪካንት፦ እርዱ! የሚያበራው ከእጄ የተራገፈው እርድ ነው! ትናንት ከዚሁ ከእኔ ዘር አንተ ያዘጋጀኸው ሁለተኛው ስላይድ አለ አይደል? አምጣው!

ፓንዱ፦ በጓንት ነው የሠራሁት፤ ትስቅብኛለህ።

ሽሪካንት፦ አልስቅም! አስገባው!

[ፓንዱ ስልኩን አስቀምጦ፣ ጓንቱን አጥልቆ ስላይዱን ቀየረ። ሽሪካንት እጁን ከኋላው አጣምሮ ለሚያውቃቸው አማልክት ሁሉ ተሳለ። ማሽኑ ጮኸ።]

ሽሪካንት፦ አንድ… አንድ… አንድ! ጤነኛ ነኝ! ፓንዱ፣ አባት እሆናለሁ! [ይጨፍራል፤ ድንገት ድርቅ ይላል] መልእክቱ! ላክኸው?!

ፓንዱ፦ [ስልኩን አንስቶ] እንዴት ልላከው? ስጽፍ ስላይድ ቀይር ትለኛለህ። ገና «ክቡር» ላይ ነኝ። ልቀጥል?