ብቁ ታማሚ

ለውጡ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሁኔታ የሚከተለው ነበር። ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ከታች በሶፋ መሸጫ፣ ከላይ በስፖርት ቤት ታጅቦ አንድ የሕክምና ኮሌጅ በክብር ተቀምጧል። በዚህ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የልብን ክፍሎች በላቲን ስማቸው ይጠራል፤ የሰው የልብ ምት የት ላይ እንደሚዳሰስ የሚማረው ግን አራተኛ ዓመት ሲደርስ ነው። እስከዚያው ሕመምተኛ ማለት ለተማሪው በመጽሐፍ ላይ በቀይና በሰማያዊ የተሳለ፣ ቆዳ የሌለው፣ የማይናገር ጨዋ ሰው ነበር። ማንም አልተጎዳም። ሕመምተኞችም ይህን አሠራር ሲቃወሙ አልተሰማም።

ይህን ሰላም ያደፈረሱት የኮሌጁ ዲን ዶክተር ጂራታ ናቸው። ሜክሲኮ አካባቢ ከተካሄደ ዐውደ ጥናት ሲመለሱ፣ ተማሪ በሽተኛን መጠየቅና መዳሰስ ያለበት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንደሆነ ተገለጠላቸው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ትክክለኛ ሐሳብ ወደዚህ ኮሌጅ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ገብቶ ጤናውን ይዞ የወጣ ግን የለም።

«ዛሬ የምንተክለው ስቴቶስኮፕ ነገ ትውልድ ያፈራል!» አሉ በመክፈቻው ንግግራቸው። ጭብጨባው ከላይ ስፖርት ቤት የሚወድቀውን ብረት ለጥቂት ጊዜ አስረሳ።

ለልምምዱ ከውጭ አገር አንድ የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ተገዝቶ መጣ። ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ሲብስበትም ያቃስታል። ይህን የመሰለ ንብረት በተማሪ እጅ ማስነካት ከኃላፊነት ስለማያድን፣ ላስቲኩ ሳይነሳለት በዲኑ ቢሮ ተቆልፎበት እንግዶች እንዲያዩት ተደረገ። ለተማሪዎቹ ርካሽና በቀላሉ የሚተካ አማራጭ ተፈለገላቸው። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ተመረጠ።

ነዋሪው በደስታ መጣ። ችግሩ የታየው በመጀመሪያው ልምምድ ነው። ነስረዲን የሚባል ተማሪ፣ ሆዳቸውን እንዲታመሙ የተመደቡትን ጡረተኛውን አቶ ዘነበን ጠየቀ።

«አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው። ግን ሆድዎን ያምዎታል።»

«ማን አለ?»

«ጽሑፉ ላይ አለ።»

«ጽሑፍ ስንት ይላል ልጄ! የማን ልጅ ነህ ግን? ዓይንህ ለምን ቀላ? እንቅልፍ የለህም አይደል?»

የተሰጠው ሰዓት ሲያልቅ ነስረዲን አንድም የሕመም ምልክት አላገኘም። አቶ ዘነበ በበኩላቸው የልጁን የትውልድ ቦታ፣ የአባቱን ስኳር በሽታ፣ ቁርስ አለመብላቱንና የሚያንገበግበውን ጨጓራ አጣርተው ወጡ። በዕለቱ የበሽታ ታሪክን በሚገባ የወሰዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሌሎቹም ክፍሎች የተገኘው ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ የልደታ ሰው ሁሉ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ዶክተር ጂራታ ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ተረቱና ለነዋሪዎቹ የታማሚነት አቅም ግንባታ ሥልጠና ከፈቱ። ዕድሜ ልኩን እየታመመ ደህና ነኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ደህና ሆኖ ታመምኩ ማለትን ተማረ። መቃተት፣ ማቃሰትና መጮኽ በደረጃ ተለይተው ተሰጡ።

ከሠልጣኞቹ አንደኛ የወጡት በተክለ ሃይማኖት ቅመም የሚነግዱት እትዬ ሀሚዳ ናቸው። ሲያቃስቱ የሕንፃው ጥበቃ ለሁለተኛ ጊዜ አምቡላንስ ከጠራ በኋላ እንዳይጠራ በጽሑፍ ታዘዘ። ዝናቸው ሰፈሩን አዳረሰ።

«እትዬ ሀሚዳ፣ ዛሬ ምን ነዎት?» ይሏቸዋል ጎረቤቶች ደረጃው ላይ።

«ዛሬ ኩላሊት ነኝ። ማክሰኞ ሳንባ ነኝ፤ ዕቃዬን ጠብቁልኝ።»

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከፍተኛ እንግዶች በተገኙበት እንዲካሄድ ተወሰነ። ሕጉ ግልጽ ነበር። ተማሪ ከተሰጠው በሽታ ውጪ ከወጣ ይወድቃል፤ የወደቀም ዓመቱን ይደግማል። ለእትዬ ሀሚዳ ትርፍ አንጀት ተመደበላቸው፣ ከነከፍተኛው ጩኸት። መርማሪዋ አያንቱ ነበረች፤ በቃል ትምህርቷ ጎበዝ የሆነች የአንደኛ ዓመት ተማሪ።

አያንቱ ገባች፣ እጇን ታጠበች፣ ስሟን ተናገረች። እትዬ ሀሚዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ደህና ነኝ ልጄ።»

ከእንግዶቹ ጎን የተቀመጡት ዶክተር ጂራታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሆድ!» አሉ በሹክሹክታ። «ሀሚዳ፣ የዛሬው ሆድ ነው!»

«ትንሽ ድካም ነው እንጂ… ያልፋል ኢንሻአላህ። አንቺ ቁርስ በልተሻል?»

አያንቱ ቆም አለች። እኚህ ሴት በዚህ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ደህና ሆነው አያውቁም። እጃቸውን ያዘች፤ ቀዝቅዟል፣ ረጥቧል። የልብ ምታቸውን ፈለገች። ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ ይሰናከላል።

«የእውነት ታመዋል!» አለች ዞር ብላ። «መኪና ይጠራ!»

«ላባቸውን እዩት እስኪ» አሉ አንድ እንግዳ በአድናቆት። «ላብ እንዲያልባቸው እንዴት አሠለጠናችኋቸው?»

«በተከታታይ ክትትል ነው» አሉ ዶክተር ጂራታ በትሕትና።

«ዶክተር፣ ልባቸው ነው! መጥተው ይዳስሱ!»

«ተማሪ አያንቱ፣ ያንቺ ትርፍ አንጀት ነው። ልብ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው።»

«እሳቸው እስከ ሁለተኛ ዓመት አይቆዩም!»

እንግዶቹ ይህም የፈተናው አካል መስሏቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። መነሣታቸው ጠቀመ። አያንቱ የክብር እንግዳውን ባለ ጎማ ወንበር ከኋላቸው ሳበች፣ እትዬ ሀሚዳን አስቀመጠችና እየገፋች ወጣች። በሌላ ቀን የማይሠራው ሊፍት ለእንግዶቹ ሲባል ያን ቀን ይሠራ ነበር፤ በእትዬ ሀሚዳ መትረፍ ውስጥ የኮሌጁ ድርሻ ይህ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ዘነበ የኩላሊት ጠጠራቸውን ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር።

«አቶ ዘነበ፣ ይግቡ፣ ተራዎ ደርሷል!» አለ የፈተናው አስተባባሪ።

«የኔ ጠጠር የትም አይሄድ! ሰው እየሞተ አታይም?» ብለው ወንበሩን በአንድ ወገን ያዙ።

ሆስፒታል ሲደርሱ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ሕመምተኛዋን ምን እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው። እትዬ ሀሚዳ መልሳቸውን ከመጀመራቸው አያንቱ ጣልቃ ገባች።

«ዶክተር፣ ደህና ነኝ ካሉ አይመኗቸው።»

ሐኪሙ አላመናቸውም። የልባቸው ደም ሥር ተዘግቶ ተገኘ፤ በጊዜው ተከፈተላቸው። ትንሽ ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ የሚከፈት ነገር ባልነበረ።

የፈተና ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበ። ዶክተር ጂራታ ስለ እትዬ ሀሚዳ መዳን የተሰማቸውን ደስታ በኮሌጁ ስም ከገለጹ በኋላ፣ ደስታና መስፈርት ለየብቻ መታየት እንዳለባቸው አሳሰቡ። አያንቱ ሆድ አልዳሰሰችም። ፈታኝን ያለ ፈቃድ አነጋግራለች። የፈተናው ሰዓት ሳያልቅ ከታማሚ ጋር ወጥታለች። የክብር እንግዳውም ተመልሰው ለመቀመጥ ሲሞክሩ በደረሰባቸው ነገር እስከ ዛሬ በጎናቸው ነው የሚተኙት።

«ግን እኮ ሴትዮዋን አዳነች» አለ አንድ ወጣት መምህር።

«አዎ» አሉ ዶክተር ጂራታ። «ማዳን ግን ከአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚጠበቅ ክህሎት አይደለም።»

ወጣቱ መምህር ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝለት ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ኮሚቴው ውጤቱን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አያንቱ ከመቶ ሠላሳ አንድ አግኝታ ዓመቱን ትደግማለች። እትዬ ሀሚዳ ታማሚነትን አስመስሎ በማቅረብ ከመቶ ዘጠና ስምንት አግኝተዋል፤ ሁለቱ ነጥብ የተቀነሰባቸው ካልተመደበላቸው አካል በመታመማቸው ነው።