ለእማዬ የተጫረትኩት ጋቢና

ወንበር ለመቀመጫ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ከሐረር ድሬዳዋ በሚኒባስ ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ቦታ፣ ጋቢናን ማለቴ ነው፣ ለመያዝ የሚደረገውን ግፊያ ያየ ሰው፣ መንግሥታት በድንበር ለምን እንደሚጣሉ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። መንገዱ እኮ አጭር ነው። ጋቢና ብትቀመጡም ኋላ ብትቀመጡም የደንገጎ ጠመዝማዛ ያው ነው፤ ጆሯችሁ ያው ይደፈናል፤ ስትደርሱም የሚቀበላችሁ ያው የድሬ ሙቀት ነው። ግን ከጋቢና የሚወርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሩን የሚዘጋበት አኳኋን እንኳ ሹመት የተቀበለ ያስመስለዋል።

ያም ሆኖ ለጋቢና ጨረታ ወጥቶ አያውቅም። ረዳቱ ያያችኋል፣ ይመዝናችኋል፣ ይፈርዳል። ሽማግሌ ከሆናችሁ ትገባላችሁ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ትገባለች። ቆንጆ ከሆነች ደግሞ ፍርዱን ሾፌሩ ራሱ ይሰጣል፤ ይግባኝም የለውም። እኔ ከሦስቱም አንዱን ስላልሆንኩ፣ ከነተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ከኋላ ወንበር ጥግ ተጠቅልዬ ስመላለስ ነው የኖርኩት።

ያደግንበት ቤት ደግሞ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረውም። ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ያለ የጥንት የሐረሪ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሳሎኑ ራሱ ከፍ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ከፍ ያለው የአባወራውና የክቡር እንግዳ ነው፤ ዝቅ ያለው የታናናሾች፤ በር ጥግ ያለው ደግሞ ለወጪ ለገቢው። እኛ የመድኃኔዓለም ደብር ልጆች ብንሆንም ቤቱ ሥርዓቱን አስተምሮን እንደ ደንቡ እንቀመጥ ነበር። አባቴ ከላይ፣ እኔና እህቴ ከመሃል፣ እናቴ በር ጥግ። አባቴ ካረፈም በኋላ እናቴ ከዚያ ጥግ ንቅንቅ አላለችም። ለምን ወደ ላይ አትወጪም ስንላት፣ እዚህ ሆኜ ማን እንደመጣ አያለሁ ትለን ነበር። ይህ መልስ ለዓመታት ሲያናድደኝ ኖሯል።

ነገሩን ያመጣችው ካናዳ ያለችው እህቴ ናት። የእናቴ ጉልበት የጀጎልን ዳገትና ደረጃ እምቢ ማለት ሲጀምር፣ ወረቀቱን ጨርሳ ልትወስዳት ሆነ። ለጉብኝት አይደለም፣ ለመኖር። እዚያ ሐኪም አለ፣ አሳንሰር አለ፣ ያላየቻቸው የልጅ ልጆች አሉ። እኔ አድርሻት፣ ጥቂት ቀን ቆይቼ ወደ ሚስቴና ወደ ልጆቼ፣ እዚያው ሐረር አቦከር ወዳለው ቤቴ እመለሳለሁ፤ እሷ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምንገናኝ ማንም አልጠየቀም፤ ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ አይመለስም።

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ቤቱ በተሰናባች ተጨናነቀ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ መጋላ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ስለሆነች፣ ከእሷ ቀሚስ ያልገዛ የሐረር ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የግድግዳ ጎረቤታችን አደ ፋጡማ መሰናበት የጀመሩት ከሁሉ ቀድመው ነው፤ ጠዋት መጥተው አላህ ያግራልሽ ብለው አልቅሰው ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ተመልሰው እንደ አዲስ ይሰናበታሉ። እኔ ከሥራ ወጥቼ ስመጣ እናቴን ለብቻዋ ማግኘት አልሆነልኝም። በሰዎቹ ትከሻ መሃል ታየኝና፣ ቆይ፣ አውሮፕላኑ ላይ እናወራለን፤ ብዙ የምነግርህ አለኝ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሰምቼ እንኳ አይደለም የምለው።

በዚህ መሃል ነው ስልኬ ላይ ከምንሳፈርበት አየር መንገድ መልእክት የመጣው። ውድ መንገደኛ፣ ወደ ቢዝነስ ክላስ ከፍ ማለት ይፈልጋሉ? ዋጋውን እርስዎ ይንገሩን ይላል። ዋጋውን አንተ ጥራ! ይህ የመጋላ ሰው ንግግር ነው እንጂ የአየር መንገድ ነው እንዴ? የእናቴን ትኬት እህቴ ከዚያ ገዝታ የእኔን ኢሜይል አስመዝግባ ስለነበር፣ ግብዣው ለእሷ ወንበር ብቻ ነው። እኔ የራሴን ትኬት ለብቻዬ፣ ከርካሹ በኩል ነው የገዛሁት።

እናም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ከበር ጥግ ተነሥታ ከላይኛው መደብ ላይ ልያት። ያ ያመማት ጉልበቷ ተዘርግቶ ይሂድ። መሸኘቴ ካልቀረ እንደ ንግሥት ልሸኛት። ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በራሴ ደግነት ማልቀስ እወዳለሁ።

የጨረታው አሠራር እንዲህ ነው። ስልኩ ላይ ያለችውን ነጥብ በጣታችሁ ወደ ቀኝ ስትገፏት ዋጋው ይጨምራል፤ ከላይ ያለች መርፌ ደግሞ ተስፋችሁን ትነግራችኋለች፤ ደካማ፣ መካከለኛ፣ በጣም ጥሩ። አልጋ የሚሆን ወንበር ልንጫረት ነው ብዬ ለእናቴ ሳስረዳት፣ አልጋነቱ ብዙም አልደነቃትም። የደነቃት ሌላው ነው። የሚጫረቱት ሌሎቹ እነማን ናቸው? አይታወቁም። ሻጩስ ፊቱ የታለ? ፊት የለውም። ፊት ከሌለው ሰው ጋር እንዴት ዋጋ ይቆረጣል አቦ! ብላ ተገረመች። በመጨረሻ ሙያዋን አስተማረችኝ፦ ከታች ጀምር፣ ከዚያ ጥለኸው ሂድ፣ ይጠሩሃል።

ከታች ጀመርኩ። መርፌዋ ደካማ ላይ ወደቀች። አሁን አየር መንገድን ጥሎ መሄድ እንዴት ነው የሚደረገው? ስልኬን ቀስ ብዬ፣ ምንም እንዳልቸገረው ሰው፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እናቴም ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ጠበቅን። ኔትወርኩ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ጣራ ላይ ወጥቼ ሁሉ ጠበቅኩ። የጠራን የለም።

በነጋታው ተደብቄ መርፌዋን እስከ በጣም ጥሩ ድረስ ገፋኋት። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ሚስቴ አንባቢ ናት። ወዲያው በሚቀጥለው ቀን እንኳን ደስ አልዎት የሚል መልስ መጣ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። አንድ ቃል ሳይከራከሩ? ወላሂ ወንበሩ አንድ ነገር ቢኖረው ነው አለች። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ ግን ሐረር ተወልዶ ወላሂ ሳይል የሚያረጅ ሰው የለም።

ስለ ወንበሩ ይህን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ አንድ ነገር ብቻ አልጠየቀችኝም። ጨረታው ለሁለታችንም መስሏታል። እኔ ደግሞ የገባት መስሎኛል።

ልዩነቱ የታወቀው አውሮፕላኑ በር ላይ ነው። አስተናጋጇ ወረቀታችንን አይታ፣ እርስዎ በዚህ እናቴ፣ አንተ በዚያ አለች። እናቴ የኮቴን እጅጌ ያዘች። አብረን አይደለንም እንዴ? እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ፣ አልኳት በትልቅ ደስታ፤ አንቺ ግን ጉልበትሽን ዘርግተሽ ተኝተሽ ስትነቂ ደርሰናል። ስነቃ ደርሰናል? ብላ ቃሌን ደገመችው። እኔ እንደ መልካም ዜና ነበር የነገርኳት። እጅጌዬን ለቀቀችና አስተናጋጇ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ከኋላዋ ሳያት ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አነሰብኝ፤ ግን ከኋላዬ ያሉት መንገደኞች ገፉኝ።

የእኔ ቦታ ከመጸዳጃው ፊት ለፊት፣ መስኮት ጥግ ነው። ከጎኔ አንድ ረጅም ወጣት ጉልበቱን አገጩ ሥር አስቀምጦ ተቀምጧል። ገና ሳንነሣ እናቴን የት እንዳስቀመጥኩ ነገርኩት። ጎበዝ ልጅ ነህ አለኝ። ምስጋናውን ያለምንም ክርክር ተቀበልኩ። እራት ቀርቦ እስኪነሣ ድረስ፣ አሁን እግሯን ዘርግታለች፣ አሁን ብርድ ልብስ አልብሰዋታል እያልኩ ስቀልጥ ቆየሁ።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ናት። አየር መንገዱ የሰጣትን ካልሲ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው ፌስታሏን ይዛ፣ በወንበሮቹ መሃል እንደ ጀጎል ጠባብ መንገድ ግራ ቀኙን ሰላም እያለች ትመጣለች። አስተናጋጇ ከኋላዋ እባክዎ እናቴ፣ እባክዎ እያለች ትከተላታለች። ጉልበቷ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እናቴ ግን እኔን አላየችኝም። የዞረችው ወደ ወጣቱ ነው።

ልጄ፣ ከፊት አልጋ የሚሆን ወንበር አለኝ፤ ያንተን ስጠኝና ሂድ ተኛበት አለችው። ወጣቱ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ወንበሩ ምን ሆኖ ነው? ብሎ ጠየቀ። የሰው ተፈጥሮ ነው፤ በነፃ የመጣ ነገር ያስፈራል። እናቴም ወንበሩ ምንም እንዳልሆነ፣ ቁልፉን ሲነኩት እንደሚተኛ፣ ምግቡም በሸክላ ሳህን እንደሚመጣ በሐቀኛ ነጋዴ ወግ ዘርዝራ፣ ጉድለቱንም አልደበቀችም። ሰው የለውም አለችው።

ጉዱ ቀስ እያለ ወጣ። ከጎኗ አንድ የከበረ ሰው ነበረ። እሷም እንደ ደንቡ እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከየት ነህ፣ ልጆች አሉህ ወይ አለችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አንድ ቁልፍ ሲጫን በመሃላቸው ግድግዳ ተነሣ። ሰላም ብለው ግድግዳ ሠራብኝ! አለች፣ ለመንገደኛው ሁሉ። እሷ የምታውቀው ግድግዳ አደ ፋጡማ በቀዳዳው ጨው የሚያቀብሏት ዓይነት ነው፤ ምን ታድርግ?

አስተናጋጇ ደንብ መኖሩን አስታወሰች። እናቴ ተከፍሎበት የለም ወይ? በገዛሁት ወንበር እንግዳ ማስቀመጥ አልችልም? አለቻት። አስተናጋጇ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። አለቃዋን ጠይቃ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አዝሎ ይስቅ ነበር። ወጣቱ መልሱን ሳይጠብቅ፣ እናቴ ሐሳቧን እንዳትለውጥ ይመስለኛል፣ ሻንጣውን አውርዶ መጋረጃው ጋ ደርሷል።

እናቴ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔም ተናደድኩ፤ ለምን ይዋሻል? ስንት እንደከፈልኩ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ስንት? አለችኝ። አሳንሼ ዋሸኋት። በውሸቱ ዋጋ እንኳ ደነገጠች። ከዚያ ያለ ምንም ቁጣ፣ ጨርቅ ስትለካ በምታወራበት ድምፅ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ከእናቱ ይለያል? አለችኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የማላገኛትን ሴት፣ የቀሩኝን ሰዓቶች አልጋ ገዝቼ ላስተኛባት ነበር። ቀበቶዋን አሰርኩላት፣ ጉልበቷን በእኔም ብርድ ልብስ ሸፈንኩላትና፣ በይ ንገሪኝ እማዬ፣ ይኸው እየሰማሁሽ ነው አልኳት። እውነቴን ነበር።

ወደ እኔ ዘንበል አለች። መጀመሪያ ስለ ጣራው፣ አለች፤ ክረምት ሳይገባ ያንን ወደ ጓሮ ያለውን… ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እያሰበች መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳያት ተኝታለች። ጣራው የት ጋ እንደሚያፈስ በኋላ ክረምቱ ራሱ ነገረኝ።

ባሕሩን ሁሉ ተኝታ ተሻገረች። ሳምንታት ሙሉ እንግዳ ስትቀበል ስትሸኝ እንቅልፍ እንዳላየች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልጋ የሆነው ወንበር ያላስተኛት ሴት፣ መጸዳጃ በር ሥር፣ ሰው እየተመላለሰባት፣ አፏን ከፍታ ተኛች። ክንዴ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ አንገቴ፣ ቀጥሎ የቀረው። ልቀስቅሳት ወይ ብዬ አሰብኩ፤ የምትነግረኝ ብዙ ነገር አለ፣ ጊዜው እያለቀ ነው። ግን እናቴን እንዲህ ቀርቤ፣ እንዲህ ረጅም ሰዓት አይቻት አላውቅም ነበርና ማየቴን መረጥኩ። ምግብ ሲመጣ በዓይኔ መለስኩ። እወዳታለሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ጎማው መሬት ሲነካ ነቃች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ በመስኮቱ አጮልቃ አየች፣ ደረስን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደረስን አልኳት። በረጅሙ ተነፈሰችና እጄን መታ መታ አድርጋ፣ እሰይ፣ የሆዴን ሁሉ ነገርኩህ፤ አሁን ቀለለኝ አለችኝ።

አንድም አላመለጠኝም እማዬ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ አልኳት።